ብቻ ወይስ በጥንድ? ለሐዋሳ ሐይቅ ባለ ፔዳልና ሸራ ካያክ ስትመርጡ

ብቻችሁን ነው የምትወጡት ወይስ ከሰው ጋር? ባለ ፔዳልና ሸራ ትራይማራን ካያክ (ጠባብና ረጅም፣ ባለ ሦስት አካል ትንሽ ጀልባ) መግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለሐዋሳ ግን ብቻውን አይበቃም። ውጭ አገር የሚሰጠው ምክር የራሱ ተጎታች፣ የራሱ ጋራዥና በአቅራቢያው የመለዋወጫ ሱቅ ላለው ገዢ ነው። የኛ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ተጎታች የለንም፣ ዳር ላይ ግን የሚያግዝ ሰው አይጠፋም። መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ ካልመጣ የለም። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ መልሱን ይቀይሩታል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ለሐዋሳ ሐይቅ፣ ለአብዛኛው ሰው፣ ባለ ሁለት ሰዉ ታንደም ይሻላል ባይ ነኝ። ሶሎው (ባለ አንድ ሰዉ) በግልጽ የሚሻላቸው ሰዎች ግን አሉ። ማን እንደሆኑ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ስለ የትኛው ጀልባ ነው የምናወራው?

በዚህ ዓይነት ጀልባ ስሙ የገነነው የአሜሪካው ሆቢ ኩባንያ ነው። የሶሎው ስም አድቬንቸር አይላንድ፣ የባለ ሁለት ሰዉ ስም ታንደም አይላንድ ይባላል። አሠራራቸው አንድ ነው። መሃል ላይ ረጅም የፕላስቲክ ካያክ አለ። በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ተንሳፋፊዎች በብረት ክንድ ተይዘው ይዘረጋሉ። ተንሳፋፊዎቹ ጀልባው እንዳይገለበጥ ይደግፉታል። ዳር ስትደርሱ ደግሞ ወደ ካያኩ ይታጠፋሉ። ሸራው የሚሰቀለው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው። ገመድ ስትስቡ በምሰሶው ዙሪያ ይጠቀለላል።

ከሁሉ የሚገርመው ፔዳሉ ነው። ኩባንያው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነው። እንደ ብስክሌት አይሽከረከርም። እግራችሁን ተራ በተራ ወደ ፊት ትገፋላችሁ፤ ከጀልባው ሥር ሁለት ክንፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። እጃችሁ ነጻ ነው። መንጠቆ መያዝ፣ ገመድ መሳብ፣ ውሃ መጠጣት ትችላላችሁ። አንዱን ፔዳል ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ገፍታችሁ ስትተዉት ክንፎቹ ከጀልባው ሆድ ጋር ይለጠፋሉ። ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፔዳሉና ሸራው አብረው ሲሠሩ ነው የጀልባው ጥቅም የሚታየው። ማንኛውም ሸራ በቀጥታ ነፋስ ወደሚመጣበት አይሄድም። ዚግዛግ መሄድ አለበት። ትራይማራን ደግሞ አቅጣጫ ሲቀይር ይዘገያል፤ አንዳንዴም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይቆማል። እዚህ ላይ አራት አምስት ጊዜ ፔዳል ብትመቱ ይዞራል። ነፋሱ መሃል ሐይቅ ላይ ጥሏችሁ ቢጠፋም ወደ ቤት የምትመለሱበት እግር አላችሁ።

ቁጥሮቹ ሐዋሳ ላይ ምን ማለት ናቸው?

ሶሎው ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። የሚሸከመው እስከ 180 ኪሎ ነው። ሙሉ ሲታጠቅ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ታንደሙ 5.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እስከ 270 ኪሎ ይሸከማል፤ ሲታጠቅ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ሸራውም ይሰፋል፣ ከ8 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ተንሳፋፊዎቹ ሲዘረጉ ታንደሙ ወደ 3 ሜትር ይሰፋል፤ ሲታጠፉ 1.2 ሜትር ገደማ ይሆናል።

የመሸከም አቅሙ ሰውንም ዕቃንም አንድ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች 75፣ 75 ኪሎ ቢመዝኑ 150 ኪሎ ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ መልሕቅና የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ ሌላ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይጨምራሉ። ታንደሙ ላይ ይህ ሁሉ ተጭኖ ገና ብዙ ቦታ ይተርፋል። በሶሎው አንድ 80 ኪሎ ሰው ከነዕቃው ሲቀመጥም እንዲሁ ምቾት አለው። ስህተቱ የሚመጣው ሶሎ ገዝቶ «ልጄን ጎን ባለው መረብ ላይ አስቀምጣለሁ» ሲባል ነው። በክንዶቹ መካከል የሚወጠረው መረብ ዕቃ ለማስቀመጥና ለአፍታ ጋደም ለማለት ይሆናል እንጂ የልጅ መቀመጫ አይደለም። ልጅ ይዛችሁ ልትወጡ ካሰባችሁ ምርጫው እዚህ ላይ አልቋል፤ ታንደም ነው። ላይፍ ጃኬቱም በልጁ ልክ የተገዛ ይሁን። የአዋቂ ጃኬት ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ በኩል ሾልኮ ይወጣል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። 1,700 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው። ያንኑ ፍጥነት ያለው ነፋስ ሐዋሳ ላይ ሸራውን የሚገፋው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገፋው ከስድስት እጅ አንዱን ያህል በቀነሰ ጉልበት ነው። ስለዚህ በማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ፍጥነት የተቀረጸው በባሕር ጠለል ላይ መሆኑን አስቡ። ለሁለቱም ጀልባ እኩል ነው የሚቀንሰው። ግን ሰፊ ሸራ ያለው ታንደም በለስላሳ ነፋስ ቀን የሚተርፈው ጉልበት አለው። ሁለት ሰው ፔዳል ሲመታበት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ጠዋትና ከሰዓት በኋላ

የሐዋሳ ሐይቅን ጠባይ አስጋሪዎቹን ጠይቁ። ማልደው ወጥተው ቀኑ ሳይገፋ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው፣ የሚደርሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይጠነክራል፤ ሐይቁ ይንገጫገጫል። በክረምት ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ጠዋት የምትወጡ ከሆነ ከሸራው ይልቅ የምትጠቀሙት ፔዳሉን ነው። እዚህ ላይ ሶሎው ደስ ይላል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይዞራል፣ ለአንድ ሰው እግር የተመጠነ ነው። ታንደሙን ብቻውን ሆኖ በፔዳል የሚገፋ ሰው ትልቁን አካል ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ይሄዳል፣ ግን ይከብዳል። ብቻችሁን ስትወጡ የፊተኛውን ፔዳል አውጥታችሁ ቀዳዳውን በመድፈኛው ዝጉት። ክፍት ከተተወ ውሃ ይረጫል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል።

ከሰዓት በኋላ ለሚወጣ ሰው ሚዛኑ ወደ ታንደሙ ያዘነብላል። ረዘም ያለ አካል ሞገዱን ሲቆርጥ ይረጋጋል። የተቀመጠው ሰውም ከውሃው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እንደ ሶሎው አይረጥብም። ሶሎው ዝቅ ያለ ነው። ጠንካራ ነፋስ ላይ ስትሄዱ እስከ ወገባችሁ እንደምትረጥቡ ቁጠሩት። በሐዋሳ ሙቀት ይህን የሚወዱ ሞልተዋል፤ ስልክና ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ግን ችግር ነው።

በሁለቱም ላይ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ በኩል ያለውን ተንሳፋፊ ዓይናችሁ አይልቀቀው። ውሃው ላይ እየተንሸራተተ ከሆነ ደህና ነው። አፍንጫው ውሃ ውስጥ እየገባ መጥለቅ ከጀመረ ሸራው በዝቷል ማለት ነው። የመጠቅለያውን ገመድ ሳቡ፣ ግማሹን ሸራ ጠቅልሉት። ወዲያው ነው፤ «ትንሽ እንይ» አይባልም። ባለ ሦስት አካል ጀልባ በቀላሉ አይገለበጥም። አንዴ ከተገለበጠ ግን መመለሱ እንደ ተራ ካያክ አይደለም፤ ያው የደገፉት ተንሳፋፊዎች ተገልብጦ እንዲቀር ያደርጉታል። ለአንድ ሰው፣ በተለይ በታንደም ክብደት፣ እጅግ ፈታኝ ነው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ዕድላችሁ ይሻላል። መሃል ሐይቅ ላይ ፈጥኖ ይደርስልናል የምትሉት ነፍስ አድን ጀልባ እንዳለ አድርጋችሁ አታቅዱ። ታንደሙን እንድመርጥ ካደረጉኝ ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው፦ ከሰው ጋር እንድትወጡ ይገፋፋችኋል።

ርቀቱንም አስሉ። ሐይቁ በረጅሙ 16፣ በሰፊው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፔዳል ብቻ ዘና ብሎ የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በከተማው በኩል ካለው የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ተነስታችሁ ወደ ማዶው ብትሻገሩ ነፋስ ባይኖር ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። መመለሻው ያው ነው። ለአንድ ሰው እግር አራት ሰዓት ቀላል አይደለም። በታንደም ግን አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይመታል።

ዳር ላይ ያለው ሥራ

ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች ታንደሙን የሚሸሹት በክብደቱ ነው። 100 ኪሎ ያለፈ ጀልባ አንድ ሰው ከመኪና ላይ አያወርድም። ሐዋሳ ላይ ይህ ችግር በግማሽ ይቀላል። ጀልባ ለመግፋት «ኧረ አንዴ እጃችሁን» ስትሉ ሦስት ሰው ይመጣል። ለሻይ የሚሆን መስጠት ነው። ከሥሩ የሚሰካ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አለው፤ አብራችሁ ግዙት። ያለ ጋሪ ፕላስቲኩን ጠጠር ላይ መጎተት የጀልባውን ሆድ ይጨርሰዋል።

የማይቀለው ማጓጓዙና ማስቀመጡ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል እንበል። ከሞጆ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የካያኩ አካል ለሁለት አይከፈልም። 5 ሜትሩ ሶሎ አይሱዙ ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ይጫናል። ታንደሙ ጅራቱ በደንብ ይወጣል፤ ቀይ ጨርቅ ማሰርና በቀስታ መንዳት ይጠይቃል። ሶሎውን ጠንካራ ፖርቶማጋሎ ባለው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ማውጣት ይቻላል፣ ሦስት ሰው ካለ። ታንደሙን ጣሪያ ላይ አትሞክሩት። ስትጭኑ ደግሞ ገመዱን ከሚገባው በላይ አታጥብቁ። የሞቀ ፕላስቲክ በገመድ ሥር ይሰረጉዳል።

ስለዚህ ዕቅዳችሁ ሐዋሳ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ላንጋኖ፣ አንዳንዴ ዝዋይ መውሰድ ከሆነ ሶሎው ይገላግላችኋል። ጀልባው አንድ ዳር ላይ የሚኖር ከሆነ ግን ታንደሙን የሚያህል ጥላ ያለው ቦታ ፈልጉ። ከኛ ፀሐይ የሚተርፍ ፕላስቲክና ሸራ የለም። ሸራውን ከምሰሶው አውልቃችሁ ቤት አስገቡ። ጨው የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ብረቱ ዕድሜ ይኖረዋል፤ ይህ የሐዋሳ በረከት ነው።

አንድ የጤና ጉዳይም አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ዳር ላይ ጉልበት ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ምሰሶ ማቆምና ገመድ መፍታት ጥሩ አይደለም። ሁሉንም ነገር ደረቅ መሬት ላይ ጨርሱና ውሃ ውስጥ ገብታችሁ የምትቆዩበትን ጊዜ አሳጥሩ። ታንደሙ ብዙ ዕቃ ስላለው ዝግጅቱ ይረዝማል፤ ጋሪው የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ጓደኛው ማን ነው?

ታንደም የሚገዛ ሰው ጓደኛ አብሮ እንደሚገዛ ያስባል። እውነቱ ግን ጀልባው ይቀራል፣ ጓደኛው ሥራ ይይዛል። በየሳምንቱ ቅዳሜ እወጣለሁ ያለ ሰው ለሦስተኛው ቅዳሜ ሠርግ ይኖርበታል። ስለዚህ ታንደሙን ስትገዙ ግማሹን ጊዜ ብቻችሁን እንደምትነዱት አድርጋችሁ አስቡ። ብቻችሁን ስትሆኑ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። መሪውም የሸራው ገመድም እዚያ ይደረስባቸዋል። ሸራውን ግማሽ ብቻ ፈታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ብቻውን የሆነ ሰው ሙሉውን መክፈት ግዴታው አይደለም።

ከሰው ጋር ስትሆኑም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መሪውን የያዘው ነው የሚያዘው። የፊተኛው ፔዳል ይመታል፣ ፊት ያለውን መረብና ጉማሬ ያያል፣ ይናገራል። ባልና ሚስት መሃል ሐይቅ ላይ «ወዴት ነው የምትወስደኝ?» እየተባባሉ የሚከራከሩበት ጀልባ ከሚሆን ሁለት ሶሎ ቢገዙ ይሻላል። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሁለት ሶሎ ከአንድ ታንደም በዋጋ በጣም ይበልጣል። ግን እያንዳንዱ በራሱ አቅም ይሄዳል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይጎትተዋል። ገንዘቡና ማስቀመጫው ካላችሁ ከሁሉም ምርጫ የተሻለው ይህ ሊሆን ይችላል።

ጉማሬ ካልኩ አይቀር፤ ሐይቁ ላይ አሉ። በደንገልና በሣር የተሸፈኑ ዳርቻዎችን፣ በተለይ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያለውን በኩል፣ ማለዳና ማታ ራቁ። ፔዳል ድምፅ የለውም። ጉማሬው ሳይሰማችሁ አጠገቡ ልትደርሱ ትችላላችሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው። የአስጋሪዎቹን መረብ ደግሞ ማክበር ግድ ነው። መረብ ካያችሁ ክንፎቹን ወደ ላይ ለጥፉ፣ ከጀልባው ሥር ወደ ውሃ የሚወርደውን የመሃል ሰሌዳም አንሱ፣ በዙሪያው ዞራችሁ እለፉ። የሰው እንጀራ ነው።

ሶሎውን የሚገዛ ማን ነው?

ሶሎው ከምንም በላይ የዓሣ አጥማጅ ነው። ማልዶ ብቻውን የሚወጣ፣ በመንጠቆ ቆሮሶና አምባዛ የሚፈልግ፣ ሳይነፍስ የሚመለስ ሰው ታንደም ምን ያደርግለታል? ከቤቱ ወደ ሐይቁ ጋሪ እየገፋ የሚሄድም እንዲሁ። ክብደቱ ዝቅ ያለ ሰውም አለ፤ ታንደሙን ብቻውን ማዞር፣ ዳር ላይ መያዝ ያስቸግረዋል። ሶሎው ላይ ግን ሁሉም ነገር እጁ ሥር ነው። በሸራ መሄድ ለመማር ለሚፈልግ ሰውም ሶሎው ጥሩ አስተማሪ ነው። ነፋሱ ትንሽ ሲቀየር ወዲያው ይነግራችኋል።

ለሎጅና ለእንግዳ ማዝናኛ የሚገዛ ባለቤት ግን ሶሎ አይግዛ። እንግዳው ሸራ ነክቶ አያውቅም። ታንደሙ ላይ ከኋላ የሚያውቅ ልጅ ተቀምጦ፣ እንግዳው ከፊት ፔዳል እየመታ መሄድ ይችላል። ሥራውም ለሐዋሳ ልጅ የሚሆን ሥራ ነው። እንግዳውም ማረፍ ሲፈልግ ያርፋል።

ስለ መለዋወጫ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ እኛ ጋ ምርጫውን የሚወስነው እሱም ጭምር ነውና። ታንደሙ ሁለት ፔዳል አለው። አንዱ ቢሰበር በሌላው ትመለሳላችሁ፣ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣም በአንዱ ትሠራላችሁ። ሶሎው ላይ ፔዳሉ ከተሰበረ ወራት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሶሎ የሚገዛ ሰው ተጨማሪ ፔዳል አብሮ ቢያዝ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ተጨማሪ ክንፎች። በሁለቱም ላይ ደግሞ ሆን ተብለው እንዲሰበሩ የተሠሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ፒኖች አሉ። መሪው ድንጋይ ሲመታ ፒኑ ይሰበራል፣ መሪው ይተርፋል። የተንሳፋፊዎቹ ክንድ ላይ ያሉት የፕላስቲክ ብሎኖችም እንዲሁ ናቸው። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ሐዋሳ ላይ ግን አይገኙም። በብረት ሚስማር እንዳትተኳቸው፤ ቀጥሎ የሚሰበረው መሪው ራሱ ወይም የጀልባው አካል ይሆናል። ከጀልባው ጋር በአንድ ላይ ብዙ አድርጋችሁ እዘዙ። የሚልክላችሁ ዘመድ ካለም ገና ሳይከፍል ዝርዝሩን ስጡት፤ ፒን፣ ብሎን፣ ክንፍ፣ የመሪ ገመድ፣ የሸራ መጠገኛ ፕላስተር፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል የክዳን ጎማ። ጉምሩክ ላይ በምን ዓይነት ዕቃ እንደሚመዘገብም ከመላኩ በፊት ጠይቁ።